በደረጃችን ላይ የሰቀልኩት ሳቲን

ሰውየውን ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም። አንቱታዬን ለሌላ ሰው እፈልገዋለሁ፤ ከዚህ በታች ከማነሳቸው የብሎካችን ነዋሪዎች መካከል አንቱ መባል የሚገባቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

ሰውየው የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የምንኖረው ቡታጅራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ምድሩን ሳይጨምር አራት ፎቅ አለው፤ ደረጃው ግን አንድ ነው። ሶፋ የሚገባው በዚያ ነው፣ ሙሽራ የምትወጣው በዚያ ነው፣ አስከሬን የሚወርደውም በዚያው ነው። ሌላ መውጫ የለም። ስንት ዓመት ሙሉ ስንወጣና ስንወርድ ይህን ነገር ልብ ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሐጂ አፍ አውጥተው እስኪናገሩ ድረስ።

ሐጂ ከኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሴኖ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ልጆቻቸው እዚህ ቤት ያስገቧቸው ሰው ናቸው። በጎልማሳነታቸው ከጎናቸው የነበረ የጨርቅ ሱቅ ዓይናቸው እያየ ነዶ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ስለ ደረጃው ሲናገሩ ግን ለምን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ስራዬ ስፌት ነው፤ መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ ለሠርግ የሚሰቀል ጨርቅ። ሰብሳቢያችን ደግሞ ምድር ላይ፣ ከደረጃው ግርጌ ካለው ቤት ነው የሚኖረው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ቢሮ ውስጥ ምን ይሰራ እንደነበር በትክክል የሚያውቅ የለም። እሱ ግን እስካሁን ድረስ እንደ ደብዳቤ ነው የሚናገረው። ውሃ ሲጠፋ «ውሃ ጠፋ» አይልም፤ «ከውሃ አቅርቦት አኳያ ክፍተት ተስተውሏል» ይላል። ሰው ደግሞ ይህን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ያለ ንግግር የሰማ ሰው ሁሉ ዕውቀት ያዳመጠ ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው በቅናት ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ ለአንድ ሠርግ ደረጃውን በጨርቅና በአበባ አሳመረ። ሰብሳቢያችን ግቢው ውስጥ ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያየው ቆየ። በማግስቱ ኮሚቴውን ሰበሰበና «ከገጽታ አኳያ ወደ ኋላ ቀርተናል» አለ። ገጽታ! የጣራችን ቆርቆሮ ያፈሳል፣ የደረጃው አምፖል ከሦስቱ ሁለቱ አይበራም፣ የሽንት ቤት ቱቦው በየወሩ ይደፈናል። እሱ የታየው ገጽታው ነው።

የመጀመሪያው ዲኮር ለአረፋ ተሰራ። አረንጓዴና ነጭ ቱል፣ ያ ስሱ የዲኮር ጨርቅ፣ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ተጠመጠመ። ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ከደረጃው ግርጌ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ እየወረድኩ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«እንኳን አደረስዎት ሐጂ!» አለ ሰብሳቢው፣ እጁን ዘርግቶ እንደሚያስጎበኝ ሰው። «ለእናንተ በዓል ነው እኮ። እኛ ብሎክ ውስጥ ልዩነት የለም።»

«ለኔ ከሆነ አውርዱልኝ።»

«ምነው ሐጂ?»

«ይነዳል። ደረጃው አንድ ነው። ከነደደ በየት ልንወርድ ነው?»

ሰብሳቢው ሳቀ። «በበዓል ቀን ምን ክፉ ክፉውን ያስባሉ?» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገላቸው። እንደ ልጅ። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ወጡ። ቱሉ አንድ ሳምንት ቆይቶ ወረደ፤ ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ነው ሰውየውን ያሳበደው። ከዚያ በኋላ ማን ይናገረው!

ክረምቱ መሃል ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ ስለ እሳት አደጋ ልታስተምረን መጣች። ግቢው ውስጥ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። ልጅቷ አላስረዘመችም። በጋራ መተላለፊያ ላይ የሚነድ ነገር አትስቀሉ አለች፤ ጨርቅም፣ ወረቀትም፣ የፕላስቲክ አበባም። መብራት ከዘረጋችሁ የተቀጠለ ገመድ በጨርቅ ስር አታሳልፉ። ከደረጃ ስር እቃ አታከማቹ። የግቢውን በር የሚያጠብ ነገር አትትከሉ፤ መኪና መግባት አለበት። በየፎቁ አንድ ባልዲ አሸዋ አስቀምጡ። ይኼው ነው። ከአስር ዓመት ልጅ አእምሮ በላይ የሆነ ነገር የለበትም።

አጨበጨብን። ሰብሳቢው ተነስቶ ከእርሷ ንግግር የሚረዝም ምስጋና አቀረበ። ሐጂ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን አውጥተው፣ «እንግዲህ ሰምተናል፤ ከአሁን በኋላ ደረጃ ላይ ጨርቅ የለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «በደንብ ይታያል፣ በደንብ ይታያል» አለ። ከዚያ የተባለውን ሁሉ በኮምፒውተር አስጽፎ፣ ከታች ማህተም መትቶ፣ በፕላስቲክ አስለብጦ አመጣው። ያን ወረቀት የት እንደሰቀለው ቆይቼ እናገራለሁ።

መስቀል ሲቃረብ የቡታጅራ ነገር ይታወቃል። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይገባል። አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ የቤት መኪናው መንገዱን ይሞላዋል፤ ባጃጆቹ መተላለፊያ ያጣሉ። በያንዳንዱ ቤት አምስት ስድስት እንግዳ ያርፋል። ሰብሳቢያችን ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች ነበሩት፤ እነሱ ፊት መኩራት ፈለገ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳ። በብብቱ ቢጫና ቀይ ሳቲን፣ ጥቅል ሙሉ፣ ይዟል።

«እህቴ» አለኝ፣ «አንቺ እያለሽ ሌላ ሰው ጋ መሄድ ነውር ነው። የአንቺን እጅ ከተማው ሁሉ ይየው። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ፣ በየመታጠፊያው እጥፍ እጥፍ እያለ የሚወርድ። ከስሩ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንዘረጋለን። መብራቱ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ይታይሽ!»

ጨርቁን በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። ርካሽ ሳቲን ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሰራሁበት ነገር ነው። «ይሄ ይነዳል» አልኩት።

«የማይነድ ጨርቅ አለ እንዴ?»

«የጥጥ ጨርቅ ሲነድ አመድ ይሆናል። ይሄ ግን ይቀልጣል፤ እየነደደ ይንጠባጠባል።»

አላመነኝም። ከጫፉ አንድ ጣት የምታህል ቆርጬ ወጥ ቤት ገባሁና በወረንጦ ይዤ ክብሪት ጫርኩባት። ፍስስ አለች፣ ጥቁር ጭስ አወጣች፣ ከዚያ የምትነድ ጠብታ ሳህኑ ላይ ጠብ አለች፤ ወዲያው ሌላ ጠብታ ተከተለ። ሳህኑ ላይ ተጣብቃ እንኳን እሳቷ ቶሎ አልጠፋም። ሰውየው በአፍንጫው ተንፍሶ ሽታውን አባረረ።

«እና ደረጃ ላይ ክብሪት የሚጭር ማነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ «ይዘው ይውጡ» ብለው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አላልኩትም። የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም፤ ስራ ሞልቶኛል፣ ለመስቀል የሚሰፋ ልብስ ወለሉን ሞልቶታል። ግን «የአንቺን እጅ ከተማው ሁሉ ይየው» ያለው ነገር ውስጤ ገብቶ ነበር። መጋረጃ ሰፊ ስራው የሚታየው በሰው ቤት ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሻይ እየጠጣ ያየዋል፣ ማን ሰፋው ብሎ ግን አይጠይቅም። እኔ እንዲጠየቅልኝ ፈለግኩ። ስለዚህ ጨርቁን ተቀበልኩ። ሰውየውን ስንቀው እኖራለሁ፤ ነገር ግን ሰው እንዲህ በርካሹ የሚገዛ መሆኑን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

አራት ቀን ሰፋሁት። ቆንጆ ሆነ። ቢጫው ከቀዩ ስር እየታጠፈ፣ በየመታጠፊያው እንደ ቀሚስ ዘርፍ ዝርግፍ ብሎ ሲወርድ ዓይን ይይዛል። የጥበቃው ሰውዬ ከሰብሳቢው ቤት ማከፋፈያ አውጥቶ የመብራቱን ገመድ በጨርቁ ስር አሳለፈ። ገመዱ አልደርስ ስላለ አንደኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ከሌላ ገመድ ጋር ተቀጠለና በናስትሮ ተጠቀለለ፤ ከላዩ የኔ ሳቲን ተጣለበት። የግቢው በር ላይ ደግሞ ከእንጨትና ከፕላስቲክ አበባ የተሰራ ቅስት ተተከለ። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበርና የደመራው ችቦ እንዳይረጥብ ተብሎ እሽግ በእሽግ ከደረጃው ስር ተደረደረ። በመጨረሻም ሰብሳቢው ያን ማህተም የተመታበት የእሳት ደንብ አመጣና፣ መግቢያው ላይ፣ እዚያው ሳቲኑ ላይ በስፒል ሰካው። ስፒሎቹን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ ሲያዩት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ በፊት ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ ደንቡ ላይ የተጻፈውን አንብበኸዋል? ወይስ ማህተም ብቻ ነው የመታህበት?»

ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰብሳቢው ዞር ዞር ብሎ ሰዉን አየና ድምፁን አለሰለሰ። «ሐጂ፣ ለአረፋ ሰቀልን። አሁን መስቀል ሲሆን ቅር አለዎት። ይሄ ነገር ለመከባበራችን ጥሩ አይደለም።»

«ለአረፋስ አውርዱ አላልኩም?»

«እሱንማ ማን ያስታውሳል» አለ ሰብሳቢው፤ ሰዉም ተንሾካሾከ። አብረዋቸው ለዓመታት የኖሩ፣ ሐጂ በየመስቀሉ ቤታቸው ገብተው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሏቸው ሰዎች፣ እዚያው ፊታቸው ላይ በጥርጣሬ አዩዋቸው። አንዷ ጎረቤቴ «ውስጣቸው አልወደደውም ማለት ነው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እኔ በአረፋው ቀን እዚያው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ያሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። መቀሴን ይዤ የጨርቁን ጫፍ ማስተካከል ቀጠልኩ።

ሐጂ በማግስቱ አሸዋ የሞላ ባልዲ ከበራቸው ፊት አስቀመጡ። ሰብሳቢው «ለፎቶ ይከፋል» ብሎ አስነሳው።

የደመራው ቀን ጠዋት መብራት የለም ነበር። ብሎኩ በእንግዳ ተጨናንቋል፤ ከየቤቱ ጎመን ይከተፋል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ሕፃናት በደረጃው ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አራስ ነበረች፤ ከወለደች ሁለት ሳምንት አልሞላትም። እናቷ ከአረቅጥ መጥተው ያርሷታል። እኔ በእግር በሚረገጠው መኪናዬ የመጨረሻዋን ቀሚስ እየጨረስኩ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። ግቢው ውስጥ «ሆ!» ተባለ። የደረጃው ዲኮር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ጭብጨባም ሰማሁ።

ብዙም አልቆየ፤ ሽታው መጣ። ሌላ ሰው ምግብ አረረ ሊል ይችላል። እኔ ግን ያን ሽታ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ሳህን ላይ አውቀዋለሁ። በሩን ስከፍት ጭሱ ፊቴን መታኝ። ከታች፣ ገመዱ ከተቀጠለበት ከአንደኛ ፎቅ መታጠፊያ፣ እሳቱ የኔን ስፌት ይዞ፣ እጥፍ በእጥፍ፣ በመደገፊያው ብረት ላይ ሽቅብ እየወጣ ነው። በጣም አይቸኩልም። ቁልቁል ደግሞ ጠብታው ይወርዳል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ በደረጃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ችቦው ወዳለበት።

ልጆች ይጮሃሉ። ከአንደኛ ፎቅ ያሉት ተንጋግተው ወረዱ። ከላይ የሐጂን ድምፅ ሰማሁ።

«መቀስ! አንቺ ልጅ፣ መቀስሽን ይዘሽ ውጪ!»

ትልቁን መቀስ ይዤ ወጣሁ። ሐጂ ከላይ ወርደው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን ውሃ ነክረው አፋቸው ላይ ጠምጥመዋል። «ከዚህ ቁረጪ! ወደ ላይ ያለውን እኔ እስበዋለሁ፤ የሚነድበት እንዳያገኝ!» አሉኝ። ቆረጥኩ። እኔው ራሴ እንዳይላቀቅ ብዬ ሁለት ጊዜ የሰፋሁት ነውና እምቢ አለኝ። በመቀሱ፣ በጥርሴ፣ በጥፍሬ ቦጫጨቅኩት። ሐጂ የላይኛውን ጨርቅ እየጎተቱ በመተላለፊያው መስኮት ወደ ግቢ ጣሉት። ከታች ግን እሳቱ ደረሰብንና የተቆረጠው ጫፍ ነዶ ወደ እግሬ ተወነጨፈ። ሐጂ በሁለት ባዶ እጃቸው ይዘው ነቀሉት። ይዘው ነቀሉት ነው የምለው። የቀለጠው ሳቲን መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ እየነደደ፣ በዚያው መስኮት ወረወሩት። አልጮሁም። «ያ አላህ» ብቻ አሉ፣ ሰው ከባድ ነገር ሲያነሳ እንደሚለው።

እታች የጥበቃው ሰውዬና ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ችቦውን እሽግ በእሽግ ወደ ግቢ እየወረወሩ ነበር። አንዱ እሽግ ጭስ ጀምሮት እንደነበር በኋላ አሳዩኝ። አንደኛ ፎቅ ላይ የቀረውን በጀሪካን ውሃ እየተቀባበሉ፣ አፈር እየበተኑ አጠፉት። ጨርቅ ስለተቋረጠበት እሳቱ ከኔ በር አላለፈም። ጭሱ ግን ወደ ላይ ወጥቶ አራተኛ ፎቅን ሞልቶታል። የአራሷ እናት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። ሾፌሮቹ እርጥብ ነጠላ አከናንበው አራሷን ደግፈው አወረዷት፤ ጨቅላውን ከፊት አንዱ በጃኬቱ ውስጥ ይዞት ወረደ። ሕፃኑ ያስል ነበር። ባጃጅ ላይ ጭነው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ሐጂንም በሌላ ባጃጅ።

የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ በግቢው በር መግባት አልቻለም። ቅስቱ! የፕላስቲክ አበባው ቅስት በሩን አጥብቦታል። ሰራተኞቹ ወርደው በመጥረቢያ ሲሰብሩት ነበር ሰብሳቢያችንን ያየሁት። እሳቱ ሲነሳ ወደ ቤቱ እየሮጠ ሲገባ ያዩት አሉ፤ ውሃ ሊያመጣ መስሏቸው ነበር። የወጣው የኮሚቴውን ፋይልና ማህተም አቅፎ ነው። ግቢው መሃል ቆሞ፣ ማህተሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች «ቀስ በሉ፣ ንብረት ነው!» ይላቸዋል።

መስቀል በለቅሶ ባይሆንም በዝምታ አለፈ። ሕፃኑ ደህና ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን እናትየው ይዛው ተመለሰች። የሐጂ እጆች ግን እስከ አንጓቸው ተጠቅልለው ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ወረቀት ይዞ ተነሳና «ከተከሰተው መጠነኛ ክስተት አኳያ» ብሎ ጀመረ። ኮሚቴው በወሰደው ፈጣን ርምጃ ብሎኩ ከከፍተኛ ጉዳት መዳኑን አነበበ። ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ጨርቁን በተመለከተ፣ በሙያው የምትሰራ ነዋሪያችን ችግር እንደሌለው ስላረጋገጠችልን ነው» አለ።

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ከዚያ ተነሳሁ።

«ይነዳል ብዬዎታለሁ» አልኩት። «ክብሪት ጭሬ፣ ዓይንዎ እያየ፣ ሳህን ላይ አንድጄ አሳይቼዎታለሁ። ‹ደረጃ ላይ ክብሪት የሚጭር ማነው› አሉኝ። እኔም እያወቅኩ ሰፋሁት። ሐጂ ለአረፋም አውርዱ ብለዋል፤ እዚያው ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። እናንተ በሃይማኖት ስታሟቸው ዝም አልኩ።»

«ስሜታዊ አትሁኚ እህቴ» አለኝ።

ያቺ በጆሮዬ ያንሾካሾከችልኝ ጎረቤቴ ጫማዋን ታያለች። ሐጂ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

«እኔ የተናገርኩት ስለ ደረጃ ነበር» አሉ።

ይህን የሰማ ሰው ሰብሳቢው ያኔውኑ ተባረረ ብሎ ያስብ ይሆናል። አልተባረረም። አንዱ «ኮሚቴው ይቀየር» አለ፤ «ማን ይተካው?» ሲባል ራሱ ሃሳቡን ያቀረበው ሰውዬ እንኳን ስራ ይበዛብኛል አለ። ሁሉም ስራ ይበዛበታል። እኔም እጄን አላነሳሁም። እንዲህ ያለ ሰው አናታችን ላይ የሚቀመጠው በርትቶ አይደለም፤ እኛ ቦታውን ስለምንለቅለት ነው። በጭብጨባ ቀጠለ። አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከበፊቱ የረዘመ። የመጀመሪያው አንቀጽ ማንኛውም ነዋሪ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በጋራ መተላለፊያ ላይ ጌጥ እንዳይሰቅል ይከለክላል። ለነገሩ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የሰቀለ ማን ነበረ? የእሳት ማጥፊያም ተገዛ፤ እንዳይሰረቅ ተብሎ ሰብሳቢው ቤት ተቆልፎበታል። ወደ ዘመዶቹ በሄደ ጊዜ ቁልፉን ይዞት ይሄዳል።

ሐጂ ፋሻው ሲፈታላቸው የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አልታጠፉም። አዝራር መቆለፍ አቃታቸው። አንድ ቀን ጨርቅ ገዝቼ አዝራር የሌለው፣ አንገቱ ሰፋ ያለ ጀለቢያ ሰፋሁላቸውና ይዤ ወጣሁ። ተቀብለው «ጀዛኪላህ ኸይር» ብለው አመሰገኑኝ፤ በግራ እጃቸው ስፌቱን እየዳሰሱ «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የወጣሁት። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ሻይ ትጠጫለሽ?» ብቻ አሉኝ። ጠጥቼ ወረድኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ወልቂጤ ላይ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበረ። ግብዣው የሙሽራው ቤተሰብ ጋ፣ እነሱም ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሚኒባስ ወርደን ከዘመዶቼ ጋር ግቢው ስገባ ደረጃው በነጭና በወርቃማ ሳቲን ተሸፍኗል፤ ከስሩ መብራት ይበራል። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት፣ ሶኬቱን አገኘሁትና ነቀልኩት። አንድ ሰው «ማነው የነቀለው?» ብሎ መልሶ ሰካው። የሙሽራውን እናት ጠርቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሽማግሌውን እጅ ሳይቀር። በትህትና አዳመጡኝ።

«የሦስት ቀን ነገር ነው እኮ፣ እትዬ» አሉኝ። «ደግሞ ደንቡን እናውቃለን፤ መግቢያው ላይ ተለጥፏል።»

አልወጣሁም። ግቢው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምግቡን አወረዱልኝ። እህቴ ሦስት ጊዜ እየወረደች ለመነችኝ፤ በመጨረሻ «እንዳኮረፈ ሰው ተቀምጠሽ አታዋርጂኝ» ብላኝ ተቆጥታ ተመለሰች። ዘመዶቻችን በመስኮት እያዩኝ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ቡታጅራ ስትኖር ኮራች ብለው ይሆናል። እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ፣ እጄን እንኳን ሳልታጠብ፣ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ጨርቁን የሰፋው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በየመታጠፊያው ያለው እጥፍ ግን እኩል ነው፣ ጫፉ አይታይም፣ አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። ከኔ ይሻላል። ይህን አስቤ ቀናሁ። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ቀናሁ።